መቶ ቃል በደቦ

እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ወላሂ! ሰው ነው ያወራው። የእኔ ጥፋት ዝም ማለቴ ብቻ ነው። ስለ ራሱ መልካም ወሬ ሲወራ ሰምቶ «ኧረ ውሸት ነው፣ አትመኑ» እያለ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ካያችሁ እስቲ አምጡልኝና ልየው።

ወሬው የተነሳው ሐይቅ ነው። ከዓመታት በፊት ዓሣ ልገዛ ወርጄ ውኃው ዳር ቆሜ ሳለሁ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ፈረንጅ መጣና የሆነ ነገር ጠየቀኝ። «የስ» አልኩት። ሌላ ጠየቀኝ፤ «የስ» አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ በእጁ እያመለከተ ሲጠይቀኝ አፌ ተፍታቶ ስለነበር «የስ፣ የስ» ብዬ ጨመርኩለት። ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመስግኖኝ ባመለከተበት በኩል ሄደ። ለካ የሚፈልገው የእስጢፋኖስን ገዳም ኖሯል፤ የሄደው ግን በወልድያ መንገድ ነው። ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰዉ ያየው ፈረንጁ አጎንብሶ ሲያመሰግነኝ ነው። ዓሣዬን ይዤ አምባሰል መንደራችን ስደርስ ዝናዬ ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ እኔ ደጅ ይመጣ ጀመር። የከብት መድኃኒት ጠርሙስ፣ የባትሪ ካርቶን፣ ከዐረብ አገር የተላከ ቅባት። ፊደሉንማ እለያለሁ፤ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ከሕፃናት አርቃችሁ አስቀምጡ ይላል» እላለሁ። ምንም ይምጣ ምን፣ መልሴ ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ምክር ማን ይጎዳል ብዬ።

እናንተ ሩቅ ስለሆናችሁ እውነቱን ልንገራችሁ፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወድቄያለሁ። ለመንደሩ የነገርኩት ግን «ወረቀቴ ጠፍቶብኝ ነው» ብዬ ነው።

ባለቤቴ ዘሀራ እንደ እኔ አልወደቀችም፤ እሷ ከነጭራሹ አልተፈተነችም። ሰባተኛን ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ስምንተኛን ልትጀምር ስትል ሽማግሌ ተላከባት። የላክሁት እኔ ነኝ። ለአባቷ «ትምህርቷን ትቀጥላለች» ብዬ ቃል ገባሁ፤ እሷም አምናኝ ደብተሮቿን ከልብሷ ጋር ቋጥራ መጣች። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሌላ ልጅ መጣ፣ እኔ ደግሞ የደብተሮቿን ወረቀት እየገነጠልኩ በርበሬ ቋጠርኩበት። ሌላውን ሁሉ እየሳቅሁ ነው የማወራላችሁ፤ ይህን ግን አልስቅበትም፣ ያሳፍረኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ መሃል ዘሀራ በመንደሩ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ቀድማ የምታስጠራት ሰው ሆነች። ሕመምተኛዋን አረጋግታ፣ ተሸካሚ ሰብስባ፣ ጤና ኬላ ድረስ አብራ ትሄዳለች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ልጅ አንድ ቀን፣ «እትዬ ዘሀራ፣ ስምንተኛን ያለፍሽ ብትሆኚ ኖሮ ለጤና ረዳቶች ሥልጠና ስምሽን እልከው ነበር፤ አብረን እንሠራ ነበር» አለቻት። ዘሀራ ቤት መጥታ ነገረችኝ። ወዲያው በወሩ ትምህርት ቤቱ ለትልልቅ ሰዎች አመሻሽ ላይ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ክፍል ከፍቷል ተባለ።

«ልማር ነው» አለችኝ። ፈቃድ እየጠየቀችኝ አልነበረም።

«ማሻአላህ!» አልኩ። «እኔም እመጣለሁ፤ አግዝሻለሁ።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አልመለሰችልኝም። እኔ ዝምታዋን ደስታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። በትርጉም በኩል ድክመት እንዳለብኝ ነግሬያችኋለሁ።

ክፍላችን አስራ አራት ሰው ነው፤ ዘጠኝ ሴት፣ አምስት ወንድ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የአንድ መንደር ሰው። አብረን የምናርም፣ አብረን የምናጭድ፣ አብረን የምንቀብር ነን። አስተማሪያችን ቲቸር ሰላም የምትባል ከሌላ አገር የመጣች ለግላጋ ልጅ ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አትናገርም፤ ግን ጠመኔውን ስታስቀምጥ ሁላችንም ጸጥ እንላለን።

የማሽላ አጨዳ በደረሰበት ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት አደለችን። መቶ የእንግሊዝኛ ቃል ተደርድሮበታል።

«ስም የሆነውን በዚህ ወገን፣ ግስ የሆነውን በዚያ ወገን ትጽፋላችሁ» አለች። «ሐሙስ ትመልሳላችሁ። የሚኒስትሪ ተፈታኞችን ዝርዝር አርብ ወደ ወረዳው፣ ወደ ውጫሌ እልካለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ይህን የቻለ ነው። ያልቻለ ለከርሞ ይጠብቃል።»

«ለከርሞ» ስትል ዘሀራ አጠገቤ ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች። ሥልጠናው ለከርሞ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? የቀሩት አስራ ሁለቱ ደግሞ እኔን ያያሉ። አቤት፣ ያ ሁሉ ዓይን! ፈረንጅ ያመሰገነኝን ሰውዬ ነው የሚያዩት።

«አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አልኳቸው። ያቺ «አብሽሩ» ናት ጉድ የሠራችኝ።

ማክሰኞ በጠዋት ሼህ እብሬ ዘንድ ሄድኩ። የመንደራችን አዛውንት ናቸው፤ በልጅነታቸው ደረሳ፣ የቁርኣን ተማሪ ሆነው በወሎ ያልዞሩበት የለም፤ ነህው የሚሉትን የዐረብኛ ሰዋስው የቀሩ፣ የተማሩ ሰው ናቸው። ደጃቸው ዋርካው ሥር አገኘኋቸው።

«ሼሁ፣ አንድ ቃል ስም ይሁን ግስ በምን ይታወቃል?»

«ኢስም ነው ወይስ ፊዕል ነው ነው የምትለኝ?» ብለው ዓይናቸው በራ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቁ ዘመን አልፏቸዋል። አንዴ ጀመሩ፣ ማን ያቁማቸው! የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር እስኪደርስ ተናገሩ፤ በመሃል ሁለት ጊዜ ዱአ አደረጉልኝ። በመጨረሻ «ሼሁ፣ የእኔ እንኳ እንግሊዝኛ ነው» ስላቸው ወረቀቱን ተቀብለው በሩቁ አዩት።

«እሱን አልቀራሁም። ግን ልጄ፣ ቃል የትም ቃል ነው። ለምን ብቻውን ታመጣዋለህ? ከጎኑ ማን እንዳለ ሳላይ ምን ሥራ እንደያዘ በምን አውቃለሁ? ከነጓደኞቹ አምጣው። ለማንኛውም ሐይቅ እስጢፋኖስ ያሉትን መሪጌታ ጠይቃቸው፤ እሳቸው ከእኔ ይበልጣሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ወረድኩ፤ ከመኪና ወርጄ ገዳሙ ድረስ በእግሬ። መሪጌታው ተማሪዎቻቸውን የግዕዝ ግስ ሲያስቀጽሉ፣ እየተናገሩ ሲያስደግሙ አገኘኋቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው። እሳቸውም ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ይህ ሁሉ ቃል ሜዳ ላይ ተበትኖ ምን ብዬ ልፍረድበት? ከዐረፍተ ነገሩ ጋር አምጣው። ይልቅ በእናንተ በኩል ሼህ እብሬ የሚባሉ ትልቅ ሊቅ አሉ፤ እሳቸውን ብትጠይቅ ይሻልሃል» አሉኝ።

ሁለት ሊቃውንት፣ አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከገዳም፣ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን «እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው» ብዬ ናቅኋቸው። ስትመለሱ ሚኒባስ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ የምታስቡትን ነገር አትመኑ፤ እኔ አምኜ ነው የተዋረድኩት። እዚያ ወንበር ላይ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ጆንያ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ስም ነው፤ ላብ የሚያወጣ ሁሉ ግስ ነው። ባገኘሁት ግኝት ከመደሰቴ የተነሳ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ ተመለስኩ።

ረቡዕ የሩቅያ ማሽላ የሚታጨድበት ቀን ነበር። ሩቅያ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ምላሷ ከማጭዷ ይስላል። አስራ አራታችንም እዚያው ነን። ረፋድ ላይ ለንፍሮ ስንቀመጥ አያ ይመር፣ የክፍላችን ትልቅ ሰው፣ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ለካ አንድም ሰው አልነካውም!

«ለመቶ ቃል ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ማን አለ?» አለች ሩቅያ። «ማሽላው በደቦ፣ ቤቱ በደቦ፣ ለቅሶው በቅሬ፣ በዕድራችን። ቃል ከማሽላ ይከብዳል እንዴ? እንካፈለው።»

«ለሰው ሰባት ሰባት» አለ አያ ይመር አስልቶ። «ሁለት ይተርፋል።»

«የተረፈውን ለምሁሩ!» አለች ሩቅያ። «እሱ የደቦው አውራ ይሁን፣ ይፍረድልን።»

ምሁሩ እኔ ነኝ። ተነስቼ ቆሜ ሕጌን አወጅሁ። ጆንያና ላብ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። «ይኼማ ለማንም ይገባል፤ ቲቸርስ ለምን እንዲህ አላለችንም?» አለ አያ ይመር። ዘሀራ ከደብተሯ የቃሉን ትርጉም ታነባለች፣ ሰዉ ይከራከራል፣ እኔ እፈርዳለሁ፣ ሁሉም ይጽፋል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አላህ ለሁሉም ይስጥ።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ድንጋይ ላይ ተነሳ። ወንዶቹ «ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ስም ነው» አሉ። አያ ይመር ግን መዳፉን ዘርግቶ አሳየን፤ «ይህን ማሳ ሳጸዳ ስንት ድንጋይ አወጣሁ መሰላችሁ? ላብ ካላችሁ እንደ ድንጋይ ያለ ላብ የት አለ?» እውነቱን ነው። ግስ ብለን ጻፍን።

ውኃ ሲደርስማ ደቦው ሊፈርስ ነበር። ወንዶቹ በአንድ ድምፅ «ስም!» ሲሉ ሩቅያ ንፍሮዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«ጀሪካን አዝሎ ያንን ዳገት የወጣ ሰው ይናገር! ከእናንተ ውስጥ የወጣ አለ?»

አምስታችንም ንፍሯችን ላይ አቀረቀርን።

«እንግዲያው ውኃ ግስ ነው። ለዚያውም ትልቁ ግስ!»

ዘጠኝ ሴት እጁን አወጣ። እኔም በድምፅ ብልጫ ፈረድኩ። ዕረፍት የሚለው ቃል ሲነበብ ሴቶቹ ለመፍረድ ፈቃደኛ አልሆኑም፤ «እኛ አይተነው ስለማናውቅ እናንተው ጻፉት» አሉ። እንቅልፍ ላብ ያወጣል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አያ ይመር እሸቱን እጠብቃለሁ ብሎ ዛፍ ሥር ሲያንኮራፋ አንገቱ በላብ ተጠምቆ እንዳዩት ሦስት ሰዎች መሰከሩ። ግስ ሆነ። ማግባት የሚለው ላይ ሴቶቹ ሳቃቸው አላስጨርስ ብሎ ማጭድ ከእጃቸው ወደቀ፤ ላቡን የሚያውቀው ያውቀዋል ተባለ።

በመሃል ዘሀራ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ፣ «ቲቸር ግን ያለችው...» ብላ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ቆይ ዘሀራ፣ አንብቢ ብቻ» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ቀጣዩን አነበበች። ሰው ሁሉ እኔን በሚያይበት ሰዓት እኔ እሷን አላየኋትም።

ከሰዓት በፊት መቶውንም ጨረስን። ማሽላውንም ጨረስን። በቀሪቦ፣ በማያሰክረው የገብስ መጠጣችን፣ ጉሮሯችንን አርጥበን፣ ተመራርቀን ተለያየን። እንደዚያ ቀን ረክቼ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም።

ሐሙስ ቲቸር ሰላም ወረቀቶቹን ሰብስባ እዚያው ማረም ጀመረች። አንዱን አረመች። ሁለተኛውን አረመች። ሦስተኛው ላይ ቀና ብላ አየችን። ከዚያ በኋላ ማረሟን ትታ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደረደረቻቸውና ጠመኔዋን አስቀመጠች።

«አስራ አራት ወረቀት» አለች። «ሁሉም ላይ ስልሳ አንድ ስህተት። ያው ስልሳ አንድ፣ በዚያው ቦታ። ከማን ነው የኮረጃችሁት?»

እኛ ደግሞ የደነገጥነው በስህተቱ ሳይሆን «ኮረጃችሁ» በሚለው ቃል ነው። ሩቅያ ተነሳች።

«ቲቸር፣ እንኳን ልንኮርጅ! እኛ የሰው ነገር አንነካም። በደቦ ነው የሠራነው።»

«ፈተና በደቦ አይሠራም፣ እትዬ ሩቅያ።»

«ለምን? ትናንት የእኔን ማሽላ አስራ አራት ሰው ነው ያጨደው። ታዲያ ማሽላው የእኔ አይደለም?»

ቲቸር ሰላም ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እየያዘች እንደነበር የገባኝ ኋላ ሳስበው ነው።

«ማሽላው ያንቺ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ማጨድ ትችያለሽ ወይ ብዬ ነው። ሚኒስትሪ ላይ አንድ ወንበር አንድ ሰው ነው። እዚህ ውስጥ ማን እንደቻለ ማን እንዳልቻለ ከዚህ ወረቀት ላውቅ አልችልም። ስለዚህ ዘንድሮ የማንንም ስም አልልክም።»

ዘሀራን አየኋት። ወረቀቷን አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣ ጥፍር የሚያህል አድርጋዋለች። ፊቷ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ያየሁት፣ በደብተሮቿ ወረቀት በርበሬ ስቋጥር ታየኝ የነበረበትን ዓይን ነው። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«ቲቸር» አልኩ፣ «ስህተቱ የእኔ ነው። እነሱ እኔን አምነው ነው። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ከሃያ ዓመት በኋላ ወጣልኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲናዘዝ ቅልል ይለኛል ይላል፤ እኔን አልቀለለኝም፣ ምክንያቱም አያ ይመር ወዲያው ቀጠለ።

«ምን አልክ? እንግሊዝኛ አታውቅም? ያ ፈረንጅስ?»

«የጠየቀኝ ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«ቆይ ቆይ... የላሜ መድኃኒት ጠርሙስስ?»

«ከሕፃናት አርቃችሁ አስቀምጡ ያልኩት ከራሴ ነው።»

አያ ይመር ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «ያ አላህ! እኔ ሙሉውን ጠርሙስ ነው ያጠጣኋት!»

«ላሟ ደህና ናት?» አለች ቲቸር ሰላም ደንግጣ።

«ደህና ናት። ወልዳለች።»

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቲቸር ሰላም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሌላ ወረቀት ቀድዳ ሃያ አዲስ ቃል ጻፈች። «ውጡ» አለችን፣ «ሜዳው ላይ ተራርቃችሁ ተቀመጡ። አሁን፣ እያንዳንዳችሁ ብቻችሁን።»

ተራርቆ መቀመጥ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኛ ለቅሶ ቤት ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ቲቸር ሩቅያን ሦስት ጊዜ መለሰቻት፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየተንፏቀቀች ወደ ጎረቤቷ ደርሳ ነበር። «ልኮርጅ አይደለም ቲቸር፣ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው» ትላለች፣ በዚያ ፀሐይ። አያ ይመር ከወዲያ ማዶ «ጆንያው ይሠራል ወይስ ተሽሯል?» ብሎ ጮኸ። ዘሀራ ብቻ ጀርባዋን ለሁላችንም ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ተቀመጠች። አንዴም ዞር አላለችም። ከሁሉ ቀድማም ተነሳች።

ቲቸር እዚያው ቆማ አረመችና ውጤቱን ነገረችን። አያ ይመር አስራ ሁለት፣ ሩቅያ አስራ አንድ፤ የሌሎቹም እዚያው አካባቢ ነው። ዘሀራ አስራ ዘጠኝ። እኔ ስድስት።

«ዓይኑን ጨፍኖ የገመተ ሰው እንኳ አስር ያገኛል» አለችኝ ቲቸር ሰላም በትሕትና። «ስድስት ለማግኘት ሕግ ያስፈልጋል።»

ከግማሽ በላይ ያገኙት ሁሉ ስማቸው አርብ ወደ ውጫሌ ተላከ። እኔ ቀረሁ። ቅር ብሎኛል ብል እዋሻለሁ፤ የዘሀራ ስም በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ ሲጻፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆንን። ወንዙን ስንሻገር ግን አላስችል አለኝ።

«አስራ ዘጠኝ የምታገኚ ሰው ያንን ሁሉ ስህተት እንዴት ጻፍሽ? ታውቂው አልነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ?»

«የደቦው አውራ አንተ ነበርክ። ሰው በተሰበሰበበት ባሌን 'አታውቅም' ልበለው?»

«ኧረ ዘሀራ! ፈተናው ቢቀርብሽስ ኖሮ?»

ድንጋይ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ባንተ ምክንያት ሲቀርብኝ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ?» አለች።

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው። ብትሰድበኝ እመልስ ነበር፤ ብታለቅስ አባብላት ነበር። እሷ ግን ይህን ብላ ወንዙን ተሻገረች። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ይህች ሴት እኔን ላለማሳፈር ሁለት ጊዜ ትምህርቷን እንደሰጠችኝና እኔ ሁለቱንም ጊዜ እንደ ጉርሻ እንደተቀበልኩት ነው። ቤት እስክንደርስ ከኋላዋ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ዘሀራ ስታጠና እኔ አጠገቧ አልቀመጥኩም። ከባድ ነበር። አንዳንዴ የምታጠናውን በበሩ ስንጥቅ ሳይ «እሱ እንኳ...» ማለት ይዳዳኛል፤ አፌን በእጄ ይዤ ወደ ከብቶቹ እሄዳለሁ። ውኃውን እኔ ቀዳሁ። ዳገቱን ስወጣ ሩቅያ አየችኝና «እንዴት ነው ምሁሩ፣ ስም ነው?» አለችኝ። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ቀድሜ ልንገራችሁ፤ አልፋለች። ሥልጠናውንም ወስዳ ዛሬ ጤና ኬላ ነው የምትውለው። እኔ የምነግራችሁ ግን የፈተናውን ቀን ነው።

በጠዋት በባጃጅ ውጫሌ ገባን። ከመፈተኛው ትምህርት ቤት በር ፊት የአስራ አራትና የአስራ አምስት ዓመት ልጆች ተሰልፈዋል። ዘሀራ ሁለት እርሳስ ይዛ መሃላቸው ገባች፤ አንዷ ልጅ «እማማ፣ የወላጅ መቆሚያው በዚያ ነው» ስትላት ሰማሁ። ዘሀራ መፈተኛ ካርዷን አውጥታ አሳየቻት። ልጅቷ አፍራ ቦታ ለቀቀችላት። እኔ ምክር ልሰጥ ጠጋ አልኩ፤ ወላሂ አንዲት ትንሽ ምክር ብቻ። ዘሀራ ዞር ሳትል መዳፏን ወደ ኋላ አነሳችብኝ። ተመለስኩ።

ዘበኛው አጥሩ ሥር ቁጭ ስል አየኝና፣ «ልጅ እየጠበቁ ነው?» አለኝ።

«ሚስት» አልኩት።

«ምን ልርዳት ብለው ነው ታዲያ እዚህ ፀሐይ ላይ?»

«ላለመርዳት ነው የመጣሁት» አልኩት። ሰውዬው እንደታመመ ሰው አይቶኝ ሄደ።

ፀሐዩ ከአናቴ ላይ አልፎ ሄደ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፣ በቡድን በቡድን ሆነው «አንተ ምን መለስክ፣ አንቺ ምን መለስሽ» እየተባባሉ። አያ ይመርና ሩቅያም እየተጨቃጨቁ ወጡ። ዘሀራ ከሁሉ ኋላ መጣች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቷል፣ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረዋል። እየሮጥኩ ሄጄ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«አንድ ሰው እንኳ አላገዘኝም!» አለችኝ።

በእኛ አገር ይህ የመጨረሻው ክስ ነው፤ ሰው ይህን ከተናገረ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ራሴ ከአፏ ስንት ጊዜ በወቀሳ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን መንገድ መሃል ቆማ፣ አፏን በነጠላዋ ሳትሸፍን፣ እየሳቀች ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።